ሶፍ ዑመር በነሐሴ ይገባል ወይ? (ከባሌ ተራሮች ፓርክ ጋር በአንድ ጉዞ)

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ አጭር ነው፤ የተሸከመው ግምት ግን ብዙ። አራት ሆነው በነሐሴ ወደ ባሌ ሊሄዱ አስበዋል። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ካዩ በኋላ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ በፓርኩ ውስጥ ስለሆነ በዚያው ትኬት ግማሽ ቀን ሰጥተውት ይመለሳሉ። መብራት በስልክ፣ ጫማ በሸራ፣ ልብስ በጅንስ። መሪ መያዝ ግድ ነው ወይ፣ ወንዙ ከሚገባበት ከአየው ማኮ ተነሥቶ በሚወጣበት በሆሉቃ በኩል ማለፍ ይቻላል ወይ፣ ሌላስ ምን ይያዝ ብሎ ጠይቋል። መልሶቹ 26 ደርሰዋል። ተራውን ሰላምታና ምስጋና ትቼ እንደየቅደም ተከተላቸው አቅርቤያቸዋለሁ።

ቁጥር 1 በትሕትና ነው የጀመረው። ጠያቂውን እርስዎ እያለ ዋሻው በፓርኩ ውስጥ እንዳልሆነ አስረድቷል። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ ከዲንሾ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሶፍ ዑመር ደግሞ ከሮቤ በጎሮ አድርጎ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ፣ ቆላው ውስጥ 1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። የፓርኩ ደረሰኝ እዚያ አይሠራም፤ መንደሩ ላይ ለብቻው ይከፈላል፣ መሪም የሚያዘው እዚያው ነው። በዩኔስኮ ዘንድም ሁለቱ የተለያየ መዝገብ እንዳላቸው አክሏል፦ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ሶፍ ዑመር ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በጊዜያዊው ዝርዝር ላይ አለ። ግማሽ ቀን የሚለውን ትተው ከሮቤ ማልደው እንዲነሡና ሙሉ ቀን እንዲሰጡት መክሯል።

ቁጥር 2 ሰላምታም አልሰጠ። ካርታ ማየት የሰለቸው ሰው ቢያንስ ድንጋዩን ይይ ነው ያለው። የባሌ ተራሮች አናት፣ ሳነቴም ሆነ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ የዝናብ ውሃ እንደ ኖራ ድንጋይ አያሟሟውም፤ ስለዚህ እንደ ሶፍ ዑመር ያለ ዋሻ ፓርኩ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የኖራ ድንጋዩ ከዚያ ሥር ያለ፣ በጁራሲክ ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ንጣፍ ነው። ወንዞቹ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ የላዩን ድንጋይ ቆርጠው እስኪጥሉት ድረስ አይታይም። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን ይበላል፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ወንዝ ያልፍበታል። ከዚህ የዘለለ ምሥጢር የለውም ብሎ ዘግቷል። አነጋገሩ ይጎረብጣል፣ ያለው ግን አንድም አይነቀስም።

ቁጥር 3 ፓርኩ ውስጥም ዋሻ አለ እንጂ ብሎ ፊንጫ ሀበራን ጠቅሷል። ቁጥር 4 ይህን አልካደችም፤ ግን ዓይነቱን ለየችው። ፊንጫ ሀበራ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የዓለት ጥላ ነው፤ ሰው የሚጠለልበት እንጂ በጨለማ ሰዓታት የሚኬድበት አይደለም። ስሙን ያስጠራው ቁፋሮው ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚያ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር፣ ምግባቸውም በአብዛኛው ግዙፉ ፍልፈል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከዚያ ክሩ በሙሉ የሚያርፍበትን ነገር ጣል አደረገች። ፓርኩንና ዋሻውን የሚያገናኛቸው ወይብ ወንዝ ነው። ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ፣ በዲንሾ አካባቢ አልፎ፣ ቆላ ወርዶ ሶፍ ዑመር ላይ ከመሬት በታች ይገባል፤ ወጥቶም ወደ ገናሌ ይሄዳል። በዚያን ሰዓት ማንም ልብ አላላትም።

ቁጥር 5 ወደ ጥያቄው ተመለሰና ስለ መብራት ብቻ ጻፈ። ለአንድ ሰው ሦስት መብራት፤ ለቡድን ሳይሆን ለአንድ ሰው። የመጀመሪያው በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ሁለተኛውም እንደዚያው የግንባር፣ ሦስተኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የእጅ ባትሪ። ሁለተኛው ለይስሙላ የሚያዝ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቢጠፋ ብቻውን እስከ መውጫ የሚያደርስ መሆን አለበት። ለመራመድ 200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፤ ሰፊው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ለማየት ግን ራቅ ብሎ የሚወረውር ጨረር ያስፈልጋል። ባትሪ ድንጋዩ አዲስ ይሁን፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቀል፤ አንዱ ሲደክም ሌላውን ይጎትታልና። በመንገድ ላይ ቦርሳ ውስጥ ማብሪያው ተጭኖ ሲበራ እንዳያድር አንዱን ድንጋይ ገልብጦ መክተት ነው፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ያስተካክሉታል። ስልክን ያወገዘው በሦስት ምክንያት ነው፦ ድንጋይ መጨበጥ ያለበትን እጅ ይይዛል፣ ፎቶና ቪዲዮ ሲነሣበት ክፍያው ያልቃል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ከእጅ ያመልጣል። መብራት ድንገት ከጠፋ አንድ እርምጃም ሳይራመዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ማብራት ነው። ሰው የሚወድቀው መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚራመደው ሁለት እርምጃ ነው ይላል።

ቁጥር 6 አንድ መስመር ጣለ። መሪው መንገዱን ያውቃል፣ ይህ ሁሉ ትጥቅ ለጦር ሜዳ ነው ወይ ዓይነት ነገር። ብዙ ሰው ወዶለታል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ቁጥር 7 መሪ ግድ ነው በሚለው ተስማማ፤ ዋሻው እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ነው፣ 42 መግቢያ አለው ይባላል። ሆኖም መሪው መንገዱን ማወቁ ሌላው እንዳያውቅ ፈቃድ አይሰጥም ብሎ ለቁጥር 6 መለሰለት። መሪው ራሱ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር መንገዱን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ መተላለፊያ ሲገቡበትና ሲወጡበት መልኩ ሌላ ነው። ምልክት ከተደረገም የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ተንጠልጥሎ ሲመለሱ ተለቅሞ ይወጣል እንጂ ግድግዳ ላይ አይጻፍም። የአራት ሰው ቡድን ትንሹ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ለእርዳታ ይወጣሉ። ከመግባት በፊት ውጭ ለሚቀር ሰው ስንት እንደሆኑ፣ በየት እንደገቡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጡና ከስንት ሰዓት በኋላ ሰው ይጥራ እንደሚሉ መናገር ይገባል። ሁለቱ ሰዓቶች መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ይተው፤ አለዚያ ዘና ብሎ የወጣ ቡድን መንደሩን ሙሉ አስነሥቶ ይጠብቀዋል። ሄልሜትንም አንሥቷል። ከላይ ከሚወድቅ ድንጋይ ይልቅ፣ እግሩን እያየ የሄደ ሰው ቀና ሲል ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር የሚያጋጨው ይበዛል።

ቁጥር 8 ስለ ወሩ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ፦ በነሐሴ አይሆንም። ምክንያት አልጨመረም። እሳቱ የተነሣው ከዚህ ነው።

ቁጥር 9 የአካባቢውን አየር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይመስላል፤ ያለው ነገርም በራሱ እውነት ነው። የባሌ ቆላ ዝናብ እንደ መሀል አገር አይደለም። አንዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ በሁለቱ መካከል ያለ ደረቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሰማይ ተነሥቶ ባሌን ሁሉ ክረምት ያለበሰ ሰው አገሩን አያውቅም ብሎ ቁጥር 8ን ነካ አደረገው። ሶፍ ዑመር ላይ በነሐሴ ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው፣ ምን ይፈራል አለ።

ቁጥር 10 የክሩ ምርጡ መልስ ነው። ቁጥር 9ን በዝናቡ ጉዳይ ልክ ነህ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ ቁጥር 4ን እንዲያነብ መለሰው። ዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ የሶፍ ዑመር ዝናብ አይደለም፣ የተራሮቹ ነው። ተራሮቹ ላይ ደግሞ በልጉም ክረምቱም ይዘንባል፣ ነሐሴም ይዘንባል። ከዚያ ሒሳቡን አስቀመጠ። የሞላ ወንዝ በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 18 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ወንዙ ስለሚጠማዘዝ እውነተኛው ርቀት ከመንገዱ ይረዝማል። እንግዲህ ትናንት ከሰዓት ደጋው ላይ የወረደው ዶፍ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት፣ ደመና በሌለበት ሰዓት ዋሻው አፍ ሊደርስ ይችላል። ቅርብ የሆኑት ገባሮች ደግሞ ከዚያ በፊት ይቀድማሉ። ለዚህ ነው የሶፍ ዑመርን ሰማይ አይቶ መወሰን የማያዋጣው። መደረግ ያለበት፣ ከመግባት በፊት ባለው ምሽትና በዚያው ጠዋት ዲንሾና ሮቤ ላለ ሰው ደውሎ ትናንት ዘንቧል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ከዘነበ ያ ቀን ይለፍ። ዋሻ ውስጥ የሚያስፈራው ሌላው ነገር፣ ሜዳ ላይ የሞላ ወንዝ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በሁለት ግድግዳ መካከል ግን መስፊያ ስለሌለው ወደ ላይ ነው የሚወጣው።

ቁጥር 11 ያው ቁጥር 9 ነው። ለሒሳቡ መልስ አልነበረውም፤ በነሐሴ ገብተው በሰላም የወጡ አሉ ወደሚለው ሸሸ። ቁጥር 12 ይህን ሲያይ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉበት የነበረውን ክር አንተ ወደ ማለት አወረደው። ያለፉት መውጣታቸው የሚመጣው ይወጣል ማለት እንዳልሆነ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው አለና ሌላም ሌላም ጨመረ። አወያዩ በቁጥር 13 ገብቶ ግማሹን አጠፋበት፤ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ወንዙ እንዲጻፍ አሳሰበ። ቁጥር 9 ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። የአየር መረጃው ትክክል ስለነበር ያሳዝናል፤ ቆላው ላይ ለሚነዳ ወይም ድንኳን ለሚተክል ሰው ይጠቅም ነበር።

ቁጥር 14 ወንዙን እንዴት እንደሚያነቡት ጻፈች። ከመግባት በፊት ውሃው ዳር ቀጭን እንጨት ይተከልና ውሃው የደረሰበት ላይ ይጫር። መሪው ሲያወጋ፣ ገንዘብ ሲከፈል፣ ጫማ ሲታሰር ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ከዚያ ጭረቱ ይታይ። ውሃው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ካለ አይገባም። ዋሻው ውስጥ ሦስት ምልክት አለ፦ ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተያይዞ መምጣት፣ የድምፁ መለወጥ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ጉብኝቱ አለቀ። ከራስ በላይ ስንጥቅ ውስጥ የተሰነቀረ ግንድ ወይም ቅጠል ካለ ጎርፉ እዚያ ድረስ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ሲያልፉ ማየትና ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ቦታ የት እንደሆነ በቃል መያዝ ይገባል። ደራሽ ከመጣ ወደ መውጫው መሮጥ ስሕተት ነው፤ መውጫው የሚቀጥለው መሻገሪያ ማዶ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ መውጣት፣ ከግንዱ ምልክት በላይ መቀመጥ፣ መብራት ከአንድ በስተቀር ማጥፋትና ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ። ለዚሁ ሲባል እያንዳንዱ ሰው ደረቅ ልብስና ምግብ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ አለበት።

አሻጋገሩን የጻፈው ቁጥር 15 ነው፤ እርሱም ረዥም ነው። ከአየው ማኮ እስከ ሆሉቃ ለማለፍ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ግድ ስለሆነ አንዱን በደንብ መማር ሌላውን ሁሉ ያቃልላል። መጀመሪያ የሚታየው መሻገሪያው ሳይሆን ከመሻገሪያው በታች ያለው ነው። እዚያ ጣሪያው ዝቅ ካለ ወይም ግንድ ተጋድሞ ካለ፣ የተንሸራተተ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነውና ሌላ ቦታ ይፈለግ። ቀጥሎ ቁራጭ እንጨት ይጣል፤ እንጨቱ ከሰው እርምጃ ከፈጠነ ከጉልበት በላይ አይገባም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ትናንት ጉልበት ድረስ ቀላል የነበረ ውሃ ዛሬ በዚያው ጥልቀት ይጥላል። የቦርሳው የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፈታል፣ ከወደቁ ቶሎ አውልቆ ለመጣል። ጫማ አይወልቅም። ፊት ወደ ውሃው መምጫ ይዞራል፣ ምርኩዝ ወደዚያው ይተከላል፣ ከሁለት እግርና ከምርኩዙ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይነሣል። አራት ሰው ሲሆን ከባዱ ከፊት ምርኩዝ ይዞ፣ ሌሎቹ ከኋላው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በአንድ መስመር ይሄዳሉ፤ ፊተኛው ውሃውን ይሰብርላቸዋል። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ውሃው መሄጃ ያስቀድም፤ ለመቆም ከሞከረ እግሩ ድንጋይ ሥር ይያዛል።

ቁጥር 16 ገመድ ወገብ ላይ ታስሮ ቢሻገሩስ ሲል ጠየቀ። ቁጥር 17 በአንድ ትንፋሽ መለሰ፦ ፈጽሞ። በሰውነት ላይ የታሰረ ገመድ ሲወጠር ሰውየውን ያቆመዋል፣ ውሃው ግን አይቆምም፤ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ገመድ ካለ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ነው።

ቁጥር 18 ሁሉም ስለ ሞት ሲያወራ ስለ ውበቱ ማን ያውራ ብሎ ወሬውን ቀየረ። የአምዶቹን አዳራሽ አወደሰ። ግን አምዶቹ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃና ከወለል የሚያድገው ድንጋይ ተገናኝተው የሠሯቸው ናቸው አለ፣ በሺህ ዓመታት ጠብታ በጠብታ። ቁጥር 19 ይህን እንዲሁ ማለፍ አልቻለም። እንደዚያ የሚሠራ አምድ በሌሎች ዋሻዎች አለ፤ ውሃው የያዘውን ኖራ እየተወ ይንጠባጠባል፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ስታላክታይትና ከወለል የሚያድገው ስታላግማይት ይገናኛሉ። የሶፍ ዑመር ግዙፍ አምዶች ግን የተጨመሩ ሳይሆኑ የቀሩ ናቸው። ውሃው እርስ በርስ በሚቋረጡ ስንጥቆች ገብቶ ዙሪያውን ሲበላው መሀል ላይ የተረፈው ድንጋይ ነው አምድ የሆነው። ማረጋገጫውም በዓይን የሚታይ ነው። ባትሪውን ግድግዳው ላይ ወደ ጎን ያብሩ፤ የንጣፉ መስመር አግድም ሲሄድ ይታያል። ያው መስመር በዚያው ከፍታ አምዱ ላይ ይቀጥላል፣ ከአምዱ ማዶ ባለው ግድግዳም ላይ አለ። ከጠብታ የተሠራ ቢሆን እንደ ተንጠባጠበ ሻማ ከላይ ወደ ታች የወረደ መስመር ይኖረው ነበር እንጂ አግድም ንጣፍ አይኖረውም።

በዚያው ቁጥር 19 ግድግዳው ላይ ስላሉት የማንኪያ ቅርጽ ያላቸው ጎድጓዶች ጨመረ። የውሃ ፍሰት የጠረባቸው ናቸው። ትናንሾቹ ፈጣን ውሃ፣ ትልልቆቹ ዘገምተኛ ውሃ እንዳለፈ ያሳያሉ። እያንዳንዱ ጎድጓድ አንዱ ጎኑ ቁልቁል፣ ሌላው ለዘብ ያለ ነው፤ ቁልቁሉ ጎን ያለው ውሃው በመጣበት በኩል ነው። ወንዙ በማይሰማበት ደረቅ መተላለፊያ ውስጥ ግራ ለተጋባ ሰው የድሮው ውሃ በየት በኩል ይሄድ እንደነበር ይነግረዋል። መውጫውን አይነግርም፤ ይህን አስምሮበታል።

ቁጥር 20 የሌሊት ወፍ ፈርቷል። ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ከተረጋገጠ ወዲህ ዋሻ መግባት እብደት ነው አለ። ቁጥር 21 ፍርሃቱን አልናቀችም። ኬንያ ውስጥ በኤልጎን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን ኪቱም ዋሻ ጎብኝተው የነበሩ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 በዚሁ በሽታ ተይዘዋል፤ ዩጋንዳ ውስጥም በ2008 በአንድ ዋሻ ጎብኚዎች ላይ ታይቷል። ቫይረሱን የሚሸከመው ፍሬ በል የሆነ የሌሊት ወፍ ዝርያ እንጂ ሁሉም የሌሊት ወፍ አይደለም። ጥንቃቄው ቀላል ነው፦ የሌሊት ወፍ በብዛት የተሰቀለበት ሥር አለመቆም፣ ኩስ የነካን እጅ ወደ አፍና ዓይን አለማድረስ፣ ዋሻ ውስጥ አለመብላት፣ ሲወጡ በሳሙና መታጠብ። እርሷ የበለጠ የምትሰጋው ሂስቶፕላስማ የሚባለውን ፈንገስ ነው። ደረቅ ኩስ ላይ ይኖራል፣ አቧራው ሲነሣ ወደ ሳንባ ይገባል። ወንዙ አጠገብ እርጥብ ስለሆነ አያስቸግርም፤ ከፍ ብለው ያሉት ደረቅ ክፍሎች ናቸው የሚያሠጉት፣ እዚያ እግር እየጎተቱ አይኬድም፣ አፍንጫና አፍ በደንብ የሚገጥም ማስክ ይደረጋል። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከመጣ ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ዋሻ ገብቼ ነበር ማለት ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው ቲቢ ነው ብሎ ወደዚያ ሊያመራ ይችላል።

በቁጥር 22 ድምፁ ተለወጠ። ቁጣ አለበት፣ ግን የተገባ ቁጣ ነው። ቦታው የሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ ሙስሊሞች ለዘመናት የሚሳለሙት ነው፣ ከዚያም በፊት የአካባቢው ሰው የሚያከብረው ነበር። የሚጸለይበትን ክፍል መሪው ያሳያል፤ እዚያ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ልብስ ጨዋ ይሆናል፣ የሚጸልይ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አይነሣም። ስሙን በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፎ ለመሄድ ከሆነ ግን ሰውየው ቤቱ ይቀመጥ አለ። እጅን በተመለከተም፣ የእጅ ወዝ ድንጋዩ ላይ ሲቀር ኖራው በላዩ መጣበቁን ያቆማል፤ ብዙ እጅ የነካው ቦታ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው።

ቁጥር 23 ክሩን ይዞ ሐረርጌ ገባ። የሚንጠባጠበው ዓይነት ስታላግማይት ማየት የፈለገ ወደ መቻራ ይሂድ፤ ከዚያ ዋሻዎች የተወሰዱ ስታላግማይቶች የጥንቱን ዝናብ ለማጥናት አገልግለዋል። አያይዞም ድሬዳዋ አጠገብ ስላለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻና ስለ ባቡሩ ብዙ ጻፈ፤ ስለ ባቡሩ ያለውን ዘልዬዋለሁ።

ቁጥር 24 ወደ ልብስና ጫማ መለሰው። ዋሻ ውስጥ ያለው ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል። ሳነቴ ላይ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ለዚያ የተገዛው ካፖርት ግን ሶፍ ዑመር ላይ ላብ ያጠምቃል፤ መኪና ውስጥ ይቅር። ጅንስ ሲርስ ይከብዳል፣ ጉልበት ላይ ይጣበቃል፣ አይደርቅም፤ ቶሎ የሚደርቅ ቀጭን ሱሪ ይሻላል። ሸራ ጫማ ሶሉ ለስላሳ ከሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ጥርስ ያለውና ተረከዝ የሚይዝ ይሁን፣ ነጠላ ጫማ ግን ፈጽሞ። አየር ማነስን የፈራ ካለ፣ ይህ ዋሻ በሁለት በኩል ክፍትና ወንዝ የሚያልፍበት በመሆኑ ዋናው መተላለፊያ ይተነፍሳል፤ ጫፉ የተዘጋ ዝቅተኛ ጓዳ ውስጥ ግን ራስ ምታትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ ሳይከራከሩ መውጣት ነው።

ቁጥር 25 ጠያቂው ራሱ ነው። ጉዞውን ወደ ጥር አዛውሮታል፤ ታኅሣሥና ጥር ደጋውም ቆላውም ዝናብ የሚያጥርበት ጊዜ ነውና። ሁለት ነገር ቀርቶታል። ዋሻው 15.1 ኪሎ ሜትር ነው ስለሚባል በአንድ ቀን ይጨረሳል ወይ፣ ስልኩንስ ከውሃ እንዴት ይጠብቀው።

ቁጥር 26 ሁለቱንም ቋጭቷል። 15.1 ኪሎ ሜትሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ዋሻ አጥኚዎች ከለኩት የሁሉም መተላለፊያዎች ድምር የመጣ ነው፤ አንድ ወጥ መንገድ አይደለም። ጎብኚ የሚያልፈው ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን ትንሹን ክፍል ነው፤ ቀሪው በካርታና በልምድ የሚገባ ውስብስብ ነው፣ ለመጨረስ መሞከርም አይገባም። ስልኩ በሁለት ፌስታል ይጠቅለል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱም ለየብቻ ይቋጠሩ። ውጭኛው ሲቋጠር ትንሽ አየር ይቅርበት፣ ውሃ ላይ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ። ቋጠሮው ወደ ታች ተደርጎ ቦርሳው ውስጥ ከላይ ይቀመጥ፤ ኪስ ውስጥ ግን አይያዝ።